በኢንተርኔት ስለሚካሄድ የሚና ጨዋታ፤ የቀድሞው ሥርዓት ለአዲስ ተጫዋቾች የሚመራበት መንገድ

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፥ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በቃል የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ፥ ያውም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥርዓት፥ ተጫዋቾቹ በየከተማው ተለያይተው በኢንተርኔት ሲገናኙ እንዴት እንደሚመራ ነው። ርእሱ ለጥናት መጽሔት የማይበቃ መስሎ የሚታየው ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ስንጀምር የቅዳሜ ማታ ማሳለፊያ እንጂ የሚጻፍ ነገር አድርገን አላየነውም ነበር፤ አንዲት ተጫዋች መስመሯ ተቋርጦ ሳለ ገጸ ባሕርይዋ ሞታ በመካከላችን ክርክር እስኪነሣ ድረስ። የክርክሩን ነገር በቦታው እንመለስበታለን።

የሚና ጨዋታ ማለት አንዱ ሰው ዳኛ ሆኖ አንድን ስፍራና በዚያ የሚገኘውን ነገር ሲገልጽ፥ የቀሩት ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ወክለው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» እያሉ የሚመልሱበት ጨዋታ ነው። ውጤቱ የሚያጠራጥር ሲሆን፥ ለምሳሌ የተወረወረው ጦር ይምታ ወይም ይሳት እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ዳይስ ይጣላል። እንደ ገበጣ የተወሰነ ጉድጓድ ወይም እንደ ሰንጠረዥ የተወሰነ ሰሌዳ የለውም፤ በመጨረሻም አሸናፊ ተብሎ የሚሸለም የለም። ተጫዋቾቹ በአንድ ወገን ሆነው ወደ አንድ የፈረሰ ግንብ ወይም ዋሻ ይወርዳሉ፤ ሀብት ይዘው በሕይወት ከተመለሱ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይወርዳሉ።

ታሪኩ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፥ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች፥ የጦርነት ጨዋታ የሚወዱ ወጣቶች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ዴቪድ ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1969 ብራውንስታይን የተባለ ጨዋታ አሰናዳና፥ ተጫዋቾቹ ሠራዊት በማዘዝ ፈንታ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው የየራሳቸውን ጉዳይ እንዲከታተሉ አደረገ። ጓደኛው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወደ ፊት ገፍቶ ብላክሙር በተባለ የፈጠራ አገር ውስጥ ተጫዋቾቹን ከአንድ ግንብ ሥር ወዳለ ዋሻ አወረዳቸው። በዊስኮንሲን ግዛት በሌክ ጄኔቫ ይኖር ከነበረው ከጌሪ ጋይጋክስ ጋር ከተባበሩም በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ በሦስት ትናንሽ መጻሕፍት ሆኖ በአንድ ሣጥን ታትሞ ወጣ። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ነበር። እነዚያ መጻሕፍት ጨዋታውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ካልሆነ በቀር ለማንም የሚገቡ አልነበሩም፤ ለጀማሪ በሚስማማ አጻጻፍ ተሰናድተው ከወጡት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ቶም ሞልድቬይ ያዘጋጀው ባለ 64 ገጽ መጽሐፍ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ «የቀድሞው ሥርዓት» ስንል በተለይ ይህን ማለታችን ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጎቹ እየበዙ፥ መጻሕፍቱም እየወፈሩ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሦስተኛው እትም ሲወጣ አሳታሚው ሌሎች ሰዎች የሕጉን አካል ተጠቅመው የራሳቸውን ጽሑፍ እንዲያወጡ ፈቀደ፤ የቀድሞውን ቀላልነት የናፈቁ ሰዎችም ያንኑ ፈቃድ ይዘው አሮጌውን ሥርዓት በአዲስ ስም መልሰው አሳተሙት። ኦዝሪክ እ.ኤ.አ. በ2006፥ ላቢሪንዝ ሎርድ በ2007፥ ሶርድስ ኤንድ ዊዛርድሪ በ2008 ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ጋቪን ኖርማን የ1981ዱን ሕግ በንጹሕ አቀራረብ ኦልድ ስኩል ኢሴንሻልስ ብሎ አወጣው። መሠረታዊው ክፍል በነፃ ስለሚገኝ እኛ የተጠቀምነው በዚህ ነው፤ የተማሪ ኪስ ይታወቃልና።

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንግባ። ተጫዋቹ ስድስት ገጽ ያላቸውን ሦስት ዳይሶች ጥሎ የገጸ ባሕርይውን ጉልበት፥ ማስተዋል፥ ቅልጥፍናና የመሳሰለውን ስድስት ነገር በተራ ይወስናል። 18 የሚወጣው ከ216 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ጀግና ሆኖ የሚወለድ የለም ማለት ይቻላል። አስማተኛ የሚሆነው ሰው የሕይወት ነጥቡን የሚያገኘው አራት ገጽ ባለው ዳይስ ነው፤ የጦር መሣሪያ ጉዳት ግን በስድስት ገጽ ይቈጠራል። ሁለት የሕይወት ነጥብ ያለው አስማተኛ አንድ ጊዜ ከተመታ ከስድስት አምስቱ ዕድል ሞት ነው ማለት ነው፤ ነጥቡ ዜሮ ሲደርስ ሞቷልና። በዚህ ላይ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ አንድ ተዋጊ 2,000 የልምድ ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ነጥቡም በአብዛኛው የሚገኘው ከገደለው ጭራቅ ሳይሆን ከዋሻው ካወጣው ወርቅ ነው። አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ ነጥብ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጭካኔ ይመስለዋል። ነገር ግን ሁለቱ ሕጎች በአንድነት የሚሠሩትን ሥራ ማየት ያሻል። ውጊያ ትንሽ ጥቅምና ብዙ አደጋ ያለበት ከሆነ፥ ወርቁ ግን ሁሉን የሚሰጥ ከሆነ፥ አስተዋይ ተጫዋች ከመዋጋት ይልቅ መደበቅን፥ መደራደርን፥ ማታለልን፥ መሸሽን ይመርጣል። ሕጉም ለዚህ በር ከፍቷል። አንድ ጭራቅ ሲያጋጥም ዳኛው ሁለት ዳይስ ይጥላል፤ ድምሩ 2 ከሆነ ወዲያው ይዋጋል፤ ከ3 እስከ 5 ከሆነ ጠላትነት ያሳያል፤ ከ6 እስከ 8 ከሆነ ያመነታል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለመስማማት የቀረበ ነው፤ 12 ከሆነም ወዳጅ ይሆናል። ከ36ቱ ዕድል 16ቱ በማመንታት ላይ የሚወድቁ ሲሆኑ፥ ያለ ንግግር የሚዋጋው አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ «ጭራቅ» የሚለው ቃል ያሳስታል፤ በዚህ ሥርዓት የሚገኘው ፍጡር አብዛኛውን ጊዜ ሊነገርለት የሚቻል ባለ ጉዳይ ነው።

ሌላው መሣሪያ ጊዜ ነው። በዋሻ ውስጥ ጊዜ በዙር ይቈጠራል፤ አንዱ ዙር 10 ደቂቃ ነው። ሸክም የሌለበት ሰው እየመረመረና ካርታ እየሣለ በአንድ ዙር 120 ጫማ፥ ማለት 36 ሜትር ያህል ይሄዳል። ችቦ ስድስት ዙር ነድዶ ያልቃል። በየሁለት ዙሩም ዳኛው አንድ ዳይስ ጥሎ 1 ከወጣ ተዘዋዋሪ ጭራቅ ይመጣል። ይህን ስናሰላው በአንድ ችቦ ዕድሜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጣላልና፥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ዕድል ከ216 91፥ ይኸውም ከመቶ 42 ያህል ነው። አዲስ ተጫዋች አንዱን ክፍል አሥር ጊዜ ልፈትሽ ሲል ዳኛው መከልከል አያስፈልገውም፤ «ችቦው እየነደደ ነው» ማለት ብቻ ይበቃዋል።

ከዚህ በላይ ያለውን ማስተማር ቀላል ነው። የሚከብደው ሌላ ነው። የእኛ ተጫዋቾች አራት ሲሆኑ ሁሉም አዲሶች ነበሩ፤ ሁለቱ በአዲስ አበባ፥ አንዲት ተማሪ በሐዋሳ፥ አራተኛው ደግሞ የአንደኛው ተጫዋች አጎት፥ ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው፥ በዋሽንግተን አቅራቢያ የሚኖሩ ናቸው። ወጣቶቹ የኮምፒውተር ጨዋታ ያደጉበት ስለ ሆነ፥ ችግር በገጠማቸው ቍጥር ዓይናቸውን ወደ ገጸ ባሕርይው ወረቀት ይሰዱ ነበር። «ወጥመድ የማግኘት ችሎታ አለኝ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሌባ፥ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለው ዕድል ከመቶ 10 ብቻ መሆኑን ሲያይ ተስፋ ይቈርጣል። ማት ፊንች እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ቀድሞው አጨዋወት ባሰራጨው አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ነገር ያነሣል፤ በዚያ ሥርዓት ዋናው የተጻፈው ሕግ ሳይሆን የዳኛው ፍርድ፥ የገጸ ባሕርይው ቍጥር ሳይሆን የተጫዋቹ ብልሃት ነው ይላል። ይህን በንግግር ማስረዳት ግን አይቻልም። ለእኛ የረዳን ጋሼ ናቸው። ኮምፒውተር ጨዋታ የሚባል ነክተው ስለማያውቁ ወረቀቱን ጨርሶ አላዩትም፤ «መሬቱ ከተጠራጠራችሁ ከኮዳው ውሃ አፍስሱበት፤ ሥሩ ባዶ ከሆነ ይሰርጋል» አሉ። ዳይስ ሳይጣል ጉድጓዱ ተገኘ። ከዚያ ማታ በኋላ ወጣቶቹ «ችሎታ አለኝ ወይ?» ማለትን ትተው «ጣሪያው ከምን የተሠራ ነው?» ማለት ጀመሩ።

ጨዋታው በድምፅ ብቻ ሲካሄድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ችግር ማን ይናገር የሚለው ነው። በቀድሞው የአገራችን ሰንጠረዥ ወረራ የሚባል ክፍል አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈጠናቸው ያንቀሳቅሳሉ። በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚና ጨዋታ የሚጫወቱም እንዲሁ ናቸው፤ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢናገር ዳኛው በዓይን ይለያል። በኢንተርኔት ግን ሁለት ሰው አብሮ ከተናገረ ሁለቱም አይሰሙም፤ ከዚያም ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ደግሞ ሁለቱም «ይቅርታ፥ ቀጥል» ይባባላሉ። የ1981ዱ መጽሐፍ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አለው፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ ቃል አቀባይ ሆኖ የጋራውን ውሳኔ ለዳኛው እንዲናገር ያዛል። ዛሬ ብዙዎች እንደ አሮጌ ልማድ የተዉት ይህ ሥርዓት በኢንተርኔት ላይ ታላቅ ጥቅም አለው ብለን እናምናለን።

እኛ ግን በአፈጻጸሙ ተሳሳትን። በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ስለ ሆኑ ቃል አቀባይነቱን ለእርሳቸው ሰጠን። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣልና፥ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስቱ ወጣቶች «ጋሼ እንዳሉ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አጡ። ጋሼ ራሳቸው ነገሩ ገብቷቸው ሥልጣኑን መለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አቀባይ የሚሆነው ታናሹ ነው። ታናሽ የሌሎችን ሐሳብ ሳይጠይቅ ለመናገር ስለማይደፍር ሁሉም ይናገራል።

ስለ ሰዓት ጥቂት እንበል። «ቅዳሜ በ3 ሰዓት» ብለን የጻፍነውን ሁላችን የማታውን 3 ሰዓት መሆኑን ስናውቅ፥ ብዙ ዓመት በውጭ የኖሩት ጋሼ በዋሽንግተን ከቀኑ 3 ሰዓት አድርገው ተረዱት። ወቅቱ የእነርሱ ክረምት ስለ ነበረ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ስምንት ሰዓት ነው፤ እርሳቸው ሲገቡ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሆኖ ልንበተን ነበር። ዛሬ ሰዓቱን በሁለቱም አቈጣጠር እንጽፋለን፤ አሜሪካኖች በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ሲለውጡም ደግመን እናስታውሳለን።

ካርታን በሚመለከት ሐሳባችን ከብዙዎች ይለያል። እንደ ሮል ትዌንቲና እንደ ፋውንድሪ ያሉ የኢንተርኔት ጠረጴዛዎች የዋሻውን ሥዕል በተጫዋቹ ፊት ይዘረጋሉ፤ የችቦውንም ብርሃን ራሳቸው አስልተው የማይታየውን ያጨልማሉ። ሥራው የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ካርታው ተሠርቶ ሲቀርብ፥ ዳኛው «መንገዱ 30 ጫማ ወደ ሰሜን ሄዶ ወደ ግራ ይታጠፋል» ሲል ሰምቶ በወረቀት መሣልና መሳሳት ይቀራል። በቀድሞው ሥርዓት ደግሞ መጥፋት የጨዋታው ግማሽ ነው። ከዚህም ሌላ ሥዕሉ በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ከባድ ነው፤ መስመሩ ደካማ በሆነ ቍጥር ሥዕሉ ሲጠበቅ ንግግሩ ይቆማል። ስለዚህ እኛ ድምፅን ብቻ ይዘን፥ ካርታውን የሐዋሳዋ ተማሪ በእጇ በካሬ ደብተር ላይ እንድትሥል አደረግን። በየጊዜው ፎቶግራፍ አንሥታ እንድትልክ ማዘዝ ግን ረሳን።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ ደርሰናል። በሰባተኛው ቅዳሜ ሰዎቻችን ከዋሻው ሁለተኛ ወለል 600 የወርቅ ሳንቲም ይዘው ሲመለሱ፥ አስማተኛዋን የምትጫወተው የሐዋሳዋ ተማሪ መስመር ተቋረጠ። አስማተኛዋ ፋኖስ ይዛ ከፊት ነበረች፤ ካርታውም በሐዋሳ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የቀሩት መንገዱን በትዝታ ሲፈልጉ ሃያ ደቂቃ አለፈ። እኛም ይህን እንደ ሁለት ዙር ቈጥረን ዳይስ ጣልን፤ 1 ወጣ። ጎብሊን የተባሉት ድንክ ጭራቆች መጡ፤ አቀባበላቸው 4 ነበር፤ ከፊት ያገኟትንም መቱ። አስማተኛዋ ሁለት የሕይወት ነጥብ ነበራት። ተማሪዋ ስትመለስ የነገርናት ይህን ነው።

«እኔ ሳልኖር ሞትሁ?» አለች። እኛም ዳይስ የተናገረውን አንለውጥም አልናት። ይህ መልስ በመጽሐፍ ቢጻፍ ትክክል ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ሌባው ሊሞት ሲል፥ ዳይሱን ለብቻችን ጥለን የመታውን «ሳተ» ብለን ማትረፋችንን የሌባው ባለቤት ጠርጥሮ ለእርሷ እየሳቀ ነግሯት ኖሯል። «ለእርሱ ሲሆን ይስታል» አለችና ዘጋች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም።

በዚያ ማታ ጨዋታ አልተደረገም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ስንከራከር አመሸን። የሌባው ባለቤት ሞትን መሻር ከተጀመረ ዋሻው ዋሻ መሆኑ ይቀራል ሲል፥ ጋሼ ነገሩን እንደ ችሎት አቆሙት፤ «ሳይጠራ፥ ቃሉንም ሳይሰጥ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ አለው» አሉ። የቀድሞው ሥርዓት ሞትን የሚፈቅደው ተጫዋቹ አደጋውን አይቶ ስለሚመርጥ ነው፤ እርሷ ግን ምን መረጠች? መጽሐፉ ስለ ተቋረጠ መስመር የሚለው የለም፤ በ1981 መስመር አልነበረምና። ሕግ በሌለበት ፍርዱ የዳኛው ከሆነ፥ ጥፋቱም የዳኛው ነው። ሞቱን ሻርነው፤ ደውለንም ስለ ሌባው የዋሸነውን ነገርናት። ከመሻሩ ይልቅ ያስመለሳት ይህኛው ይመስለናል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ለወጥን። መስመሩ የተቋረጠበት ሰው እስኪመለስ የዋሻው ጊዜ ይቆማል፤ ሩብ ሰዓት ካለፈ ገጸ ባሕርይው ከኋላ ሆኖ ይከተላል እንጂ አይመታም፥ አይመታምም። ዳይስ ሁሉ ሰው በሚያየው የጽሑፍ መስመር ላይ ይጣላል፤ ዲስኮርድም ሆነ ቴሌግራም ይህን የሚያደርጉ ትናንሽ አገልጋዮች አሏቸው። ዳኛው ለብቻው የሚጥለው የተደበቀ ነገር ፍለጋን ብቻ ነው። ሦስተኛው፥ ለአዲስ ተጫዋች አደጋው አስቀድሞ በግልጽ ይነገረዋል፤ «ብትዘልል ገደሉ 20 ጫማ ነው፥ ትሞት ይሆናል» ይባላል። ይህ ምሥጢር ማውጣት ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን በአንድ ክፍል ሲቀመጡ የዳኛው ፊት የሚናገረውን በድምፅ ብቻ ማስተላለፍ ስለማይቻል፥ በቃል መተካት ግድ ነው።

ከሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ መውጣታችን አንድ ጥያቄ ሳናነሣ አናልፍም፤ የሐዋሳዋ ተማሪ እናት ራሳቸው ጠይቀውናልና። «አስማተኛ» ምንድን ነው? በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጨዋታው የሰይጣን አምልኮ ነው ተብሎ ብዙ ክርክር ተነሥቶበት፥ በ1989 የወጣው ሁለተኛ እትም የአጋንንትን ስም ከመጻሕፍቱ አወጣ። እኛ ለእናትየው ያደረግነው፥ አንድ ማታ ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው እንዲያዳምጡ መጋበዝ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ገመድ ርዝመትና ስለ ችቦ ቍጥር ስንከራከር ሰምተው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አስማተኛዋ ከተመለሰች በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። የተቈለፈ ሣጥን አግኝታ፥ ሌባው «ቈይ» ሲላት፥ እኛም «መርፌ ሊኖረው ይችላል» ብለን በግልጽ ስንነግራት፥ ከፈተችው። መርፌ ነበረው። በመስመሩ ላይ ጥቂት ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ ሳቋ ተሰማ፤ «ይኼኛው የራሴ ነው» አለች። ሦስቱን ዳይስ ስድስት ጊዜ ጥላ፥ ጉልበቷ 15 የሆነ ተዋጊ ይዛ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከዋሻው አፍ ላይ ቆመች። ካርታውን ግን አሁን ሁለት ሰዎች ይሥሉታል፤ አንዱ በሐዋሳ፥ አንዱ በዋሽንግተን፤ እስከ ዛሬም አንድ ሆነው አያውቁም።